የፀጉር አስተካካዩ ትኩስ ዳቦ

ፀጉር አስተካካዩ የዳቦ ማሽኑን ክዳን ዘጋና ቁልፉን ተጫነ። ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ዱቄቱ፣ እርሾው ሁሉ እንደ መመሪያው ገብቷል። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነው፤ ሚስቱ አሥር ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ትወርዳለች። ልቡ እንደ ሙሽራ ልብ ይዘላል።

እንዴት አይዘል! ከአራት ወር በፊት ሚስቱ ማሽኑን ገዝታ ስትመጣ፣ ይህ ምላሱን የማይችል ሰው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቆሞ፣ «ሚስቴ ዳቦ የሚያቦካላት ማሽን ገዛች፤ ቀጥሎ ደግሞ የሚያኝክላት ትገዛለች» ብሎ ደንበኞቹን በሳቅ ገደላቸው። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ገባ። ሚስቱ አልተቆጣችም። ማሽኑን ወደ ካርቶኑ መልሳ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙንም አላነሳችም። እሱን ያንገበገበው ይህ ዝምታ ነው። አራስ እህቷን ልትረዳ ስትሄድ እንኳ እንደ ጎረቤት ነበር የተሰነባበቱት። ዛሬ ግን በዳቦ ይታረቃታል።

«አንተ ልጅ» አሉ አማቱ ከወንበራቸው ሆነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም። «የዚህ ነገር ድምፅ ባዶ ነው።»

«እማዬ፣ ማሽን እኮ ነው! ይዝፈንልዎት እንዴ?»

«ሊጥ ሲመታ ዱብ ዱብ ይላል። ይሄ ብቻውን ነው የሚያጉረመርመው።»

ሳቀ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ክዳኑን ሲከፍት ግን ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ዱቄቱ እንደተከመረ ተቀምጧል። ካርቶኑን ገልብጦ ሲያራግፈው አውራ ጣት የምታህል ብረት ወለሉ ላይ ወደቀች።

«ጉድ ፈላ! ሊጡን የምታቦካዋን ብረት ሳልገጥም ነው ያስነሳሁት!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል? ገልብጠህ ግጠማትና እንደገና አስነሳው።»

«ይደርሳል?»

«እጅህ እንደ አፍህ ከፈጠነ ይደርሳል።»

ገለበጠ፣ ገጠመ፣ መለሰ፤ ጠረጴዛው፣ ቅንድቡ፣ የአማቱ ጫማ ሳይቀር ዱቄት ለበሰ። ማሽኑ ተነሳ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ! ደስታውን መቻል ቢያቅተው የአማቱን ግንባር ሳመ።

ስምንት ተኩል ላይ ሊጡ ክዳኑን ሊነካ ደርሶ ነበር። አሥራ ሁለት ቦታ ቆራርጦ አድበለበለው፤ የደንበኛን የጆሮ ግንድ ፀጉር ግራና ቀኝ እያየ እንደሚያስተካክለው ሁሉ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ተጨነቀ። ጨርቅ አልብሶ እስኪያብጥ ጠበቀና ምድጃ ውስጥ ከተተው። ሲያወጣው ላዩ ወርቅ መስሏል። ቅቤ ቀባው።

ሚስቱ ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። «ምን ይሸተኛል? ከየት ገዛችሁ?»

«ባልሽ ነው» አሉ እናቷ። «ባንቺው ማሽን።»

አንዱን ቆረሰች፤ እንፋሎቱ ወጣ። ቀስ ብላ አኘከች። እሱ አፏን አፏን ያያል።

«እንደ ጥጥ ነው የሚለሰልሰው» አለች። ፈገግታዋ መጣና ተመለሰ። «የሳቁብኝ ግን እዚህ ቤት ውስጥ አይደለም።»

ሲያጠናው የሰነበተው ይቅርታ ለዚህ አይበቃም። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ማዶ ያለው ፀጉር ቤቱ በዚህ ሰዓት ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ ባልደረባው ብቻውን መከራውን እያየ ነው። ትሪውን አነሳ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሳቁት ሰዎች። በማን ማሽን እንደተጋገረ እነግራቸዋለሁ። አንቺም ነይ፣ ስሚኝ።»

«ነገ ይደርሳል።»

«ነገ ይደርቃል።»

አየችው። ሻንጣዋን አስቀመጠችና በሩን ከፈተችለት። ድንገት ሳቋ አመለጣት፤ የለበሰው የእሷን አበባማ ሽርጥ ነው፣ ከኋላ በቀይ ሪባን የሚታሰረውን።

«ኧረ ሽርጡን አውልቅ፤ ይስቁብሃል!»

ሳያወልቅ ወጣ።