ከሽሮ ሜዳ በላይ የቆመችው ቮልስ

አቶ ስብሐት የግራ እግራቸውን ማመን ካቆሙ ሦስት ወር አልፏቸዋል። ከሐምሌ ጀምሮ የቮልሳቸው ፍሪሲዮን እየከበደ ሲሄድ፣ ጥፋቱን የፈለጉት ከመኪናዋ ሳይሆን ከራሳቸው ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመት ያገለገለ እግር ቢደክም ምን ያስገርማል? ያስፈራቸው ሌላ ነገር ነው። ልጃቸው ሮሐ ቁልፉን እንዲያስረክቧት ሁለት ጊዜ ጠይቃቸዋለች። ለሦስተኛ ጊዜ እንድትጠይቅ ምክንያት ላለመስጠት ሲሉ በራቸውን ዘግተው እግራቸውን በቅባት ያሻሉ፤ ለማንም ግን አልተነፈሱም።

በዚያ የጥቅምት ማለዳ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ዳገት መጠምዘዣው ላይ፣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ግማሽ መንገድ ወርዶ እንቢ አለ። አንደኛ ማርሽ ለማስገባት ሲታገሉ ሞተሩ ተንዘፍዝፎ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑ ከላላ ቆይቷል። ቀኝ እግራቸው የእግር ፍሬኑን እንደ ረገጠ ቀረ፤ ከዚያ ቢያነሱት መኪናዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ካላነሱት ደግሞ ከመቀመጫቸው አይወጡም።

ከኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደሳለች እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ለእርሳቸው ሲባል ከሾፌሩ ጎን ያለው የፊት ወንበር ተነቅሎ ወጥቷል፤ ሌላ መኪና ላይ መውጣት ስለማይችሉ ከቤት የሚያወጣቸው ይህች ቮልስ ብቻ ናት። የእንጦጦ ጸበል ሱባኤ ከያዙ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ የቀረው ሁለት ቀን ነው። አንድ ቀን ከጎደለ እንደገና ከአንድ እንደሚጀምሩ ራሳቸው ወስነዋል። ጥምቀቱ የሚያበቃው በአራት ሰዓት ነው፤ አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«ምን ሆነ?» አሉ ወይዘሮ ደሳለች።

«ትንሽ እንረፍ ብዬ ነው።»

«ዳገት ላይ?»

በመጠምዘዣው ጥግ ጎማ የሚጠግነው በዳሳ ይህን ጊዜ ሁለት ድንጋይ ታቅፎ መጣና ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ወሸቃቸው።

«አሁን እግርዎን ያንሱ፣ ጋሼ።»

«ይይዛታል?»

«እዚህ ዳገት ላይ ከጎማ ይልቅ ድንጋይ ነው የሚያበላኝ። ያንሱ።»

አቶ ስብሐት ወርደው ክራቫታቸውን አስተካከሉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «መኪናዋ ምንም አልሆነችም። እግሬ ነው የደከመው» አሉ።

በዳሳ መሪው ኋላ ተቀመጠና ፔዳሉን ረገጠው። ፊቱ ተጨማደደ። እንደገና ረገጠው።

«ይህን እየረገጡ ነው ከታች የመጡት? እኔ እንኳ በወገቤ ገፍቼ ነው ፈቀቅ ያለልኝ። እግርዎ ምን አጠፋ?»

አቶ ስብሐት ሦስት ወር ሙሉ በሐሰት የከሰሱትን እግር ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

«ቅባት ቅባት የሸተትከኝ ለዚህ ነው?» አሉ ወይዘሮ ደሳለች ከኋላ።

«ሰማሽ እንዴ?»

«ጆሮዬና አፍንጫዬ ደኅና ናቸው።»

በዳሳ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናዋ ኋላ ሥር ገባ። ፍሪሲዮኑ ራሱ ይሁን፣ ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘው የሽቦ ገመድ፣ ካቦው ይሁን፣ ፔዳሉ ይሁን ሳይለይ ምንም እንደማይነቅል ከዚያው ሆኖ አስረዳ። ካቦው ከኋላ የሚታሰርበትን ዳዶ ፈታና፣ ካቦው የሚጎትተውን ብረት በመፍቻ ገፋው። ሄደ፤ ተመለሰ።

«ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ነው። አሁን ይርገጡልኝ።»

አቶ ስብሐት ረገጡ። የሚጎትተው ነገር የሌለው ፔዳል በራሱ መውደቅ ሲገባው፣ እንደ ቅድሙ አሻፈረኝ አለ።

«እንግዲያው በሽታው ከፊት ነው» አለ በዳሳ አቧራውን እያራገፈ። በተነቀለው ወንበር ቦታ የቆመውን ቢጫ ጀሪካን ወደ ጎን አድርጎ ምንጣፉን ገለጠ። ከፔዳሉ ሥር ቀይ ውኃ ተኝቷል፤ የፔዳሉ ዘንግ ዝጎ ከማቀፊያው ጋር አንድ ሆኗል።

«ዝናቡ ካቆመ ሰነበተ። ይህ ውኃ ከየት መጣ?»

አቶ ስብሐት ያውቁታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጸበል ወደ ቤት ያመላለሱበት ጀሪካን ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ አፉ በፌስታል ነው የሚታሰረው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ወደ ፊት እየፈሰሰ ምንጣፉ ሥር ይገባል። በጨርቅ ጠርጎ ቦይ ውስጥ መጭመቁ ድፍረት ስለመሰላቸው፣ በራሱ ይድረቅ ብለው ተዉት። ሊረገጥ አይገባም ብለው ያከበሩትን ውኃ፣ በምንጣፍ ሸፍነው በየቀኑ ሲረግጡት እንደኖሩ አሁን ገና ታያቸው። ይህንንም ለባለቤታቸውና ለበዳሳ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ።

በዳሳ ዘይት የጠገበ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። «እናቴም እንደ እናንተው ናት። በዚህ ብጠርገው ቤት አታስገባኝም።»

ወይዘሮ ደሳለች በግራ እጃቸው ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳቡና በተነቀለው ወንበር ቦታ በኩል አቀበሉት። «በዚህ ጥረገው። ቦይ ውስጥ አይጣልም፤ መልሼ እለብሰዋለሁ።»

«ዝገቱ ይይዘዋል እማማ፤ አይለቅም።»

«እኔንስ ይዞኝ የለ?»

በዳሳ ውኃውን በነጠላው አደረቀና በዘንጉ ላይ ዘይት አንቆረቆረ። በመዶሻ እጀታ እየመታ፣ ፔዳሉን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሰ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገለው። በመጨረሻ ተላቀቀ። ነገር ግን ካቦው ከፔዳሉ የሚያያዝበትን ጫፍ በስልኩ መብራት ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ዝገቱ በልቶታል» አለ። «የቀረው አራት ክር ቢሆን ነው። ወደ ታች ከሆነ በማርሽ ተይዘው ቀስ ብለው ቤት ይደርሳሉ። ወደ ላይ ከሆነ ምናልባት ይደርሳሉ፤ ለመመለሱ ግን ቃል አልሰጥም።»

አቶ ስብሐት መመለሻውን ሳያውቁ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ወደ ታች አዩ፤ የሽሮ ሜዳ ቆርቆሮዎች በፀሐይ ያበራሉ። ወደ ላይ አዩ፤ መንገዱ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይጠፋል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ ወይዘሮ ደሳለች።

«ሦስት ሰዓት ከሩብ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

በዳሳ ካቦውን መልሶ አሰረና ከኋላ በትከሻው ደገፋት። አቶ ስብሐት ፔዳሉን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው ረገጡ። አንደኛ ማርሽ ገባ፤ እስከ ላይ ድረስም ሌላ ማርሽ አልነኩም።

ካቦው የተበጠሰው ጥምቀቱ ሳያበቃ ከደረሱ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለማቆም ፔዳሉን ሲረግጡ ነው። ሌላ ካቦ እስኪገኝ ድረስ ቮልሷ ሦስት ቀን እዚያው ቆመች፤ ባልና ሚስቱም ለጸበልተኞች የሚከራይ ክፍል ይዘው፣ አሥራ አራተኛውን ቀን እዚያው ፈጸሙ።