የአንባቢዋ ቅርጫት

የልብስ ስፌት ድርጅቱን የእጅ ሥራ ክፍል ከስፌት መኪናዎቹ አዳራሽ የሚለየው አንድ ወፍራም ግድግዳ ነው። በክፍሉ ያሉት ሴቶች ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ይተክላሉ፣ የቀሚስ ጠርዝ ይዘመዝማሉ፤ መኪና የማይደርስበትን ሁሉ በመርፌ ይጨርሳሉ። ሥራው እጅና ዓይን ይፈልጋል እንጂ ጆሮ አይፈልግም። ስለዚህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንዷ ግጥም ታነባለች፣ ሌሎቹ እየሰፉ ያዳምጣሉ።

አንባቢዋን «ሬዲዮ» ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት በዕድሜ የክፍሉ ታላቅ የሆነችው እታለም ናት። ልጅቷ የምትናገረው መጽሐፍ ሲከፈት ብቻ ነው፤ ሲዘጋ ድምጿም አብሮ ይዘጋል። «ደህና አደራችሁ» ለማለት እንኳ ጉሮሮዋን የምትጠራርገው ልጅ፣ ግጥም ስትይዝ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴት ሳትቀር ቃል በቃል ትሰማታለች።

የድሮውን ግጥም ለቁልፍ፣ የዘመኑን ለጠርዝ ታነብላቸዋለች። የድሮው ግጥም ቤት ይመታል፤ በመታ ቁጥር ሴቶቹ ሳያስቡት ክሩን ሳብ ያደርጋሉ፣ ቁልፉም ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። የዘመኑ ግን አንዱ ስንኝ እንደ መቀነት ይረዝምና ቀጣዩ አንድ ቃል ሆኖ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ቁልፍ እየተከሉ አንብባላቸው፣ ግማሹ ቁልፍ ላልቶ ግማሹ ጨርቁን አጨማዶ ተገኘ። እታለም ሸሚዙን ወደ ብርሃን ይዛ፣ «ይሄ ግጥም ሰክሯል እንዴ? እጄን ይዞብኝ ጠፋ» አለች። ከዚያ ወዲህ የዘመኑ ግጥም ለጠርዝ ሆነ። የጠርዝ ክር ረጅም ነው፣ ስንኙ እስኪያልቅ ይጠብቃል። እያደር ራሷ እታለም፣ «ዛሬ ጠርዝ የለም እንዴ?» እያለች መጠየቅ ጀመረች።

እያንዳንዷ ሴት የጨረሰችውን የምታስቀምጥበት የራሷ ቅርጫት አላት። መጽሐፍ የያዘ እጅ መርፌ ስለማይይዝ፣ ሁሉም ከሰፉት ላይ አንዳንድ እያነሱ ሬዲዮ ቅርጫት ውስጥ ጣል ያደርጋሉ። ማንም አላዘዘም። ማንም አስታውሶም አያውቅም። ሥራ ሲያበቃ የእሷም ቅርጫት እንደ ሌላው ሞልቶ ለቆጠራ ይወጣል።

አዲስ የክፍል ኃላፊ መጣ። ሳምንት ሳይሞላው «አቶ ስንት» ተባለ፤ በገባ ቁጥር ሰላምታው «ስንት ደረሰ?» ነበርና። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ፣ ሬዲዮ ግጥም ወደደ ብላ ደስ አላት። ስንኙን ጨርሳ ቀና ስትል ግን ቅርጫቷን በሁለት እጁ ይዞ አገኘችው።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«ጮክ በይ። ቅድም ስትጮኺ ነበር እኮ።»

«አዎ፣ የኔ ነው።»

«ከምሳ መልስ ባዶ ነበር። አንቺ ደግሞ መጽሐፍ ይዘሻል። መርፌውን በእግርሽ ነው የምትይዥው?» ወደ ሴቶቹ ዞረ። «ማን ነው የሰፋላት?»

እታለም መርፌዋ ውስጥ ክር ለማስገባት አጎነበሰች፤ ክሩ ግን ገብቶ ነበር። አጠገቧ ያለችውና «ቀጭኗ» የሚሏት ሴት መቀሷን ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሬዲዮ አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዳቸውም ቀና አላሉም።

«እንግዲህ የሰው ሥራ በራስሽ ስም ታስቆጥሪያለሽ ማለት ነው» አለ አቶ ስንት። «ይሄ ሌብነት ይባላል። ከነገ ጀምሮ ካውያ ክፍል ግቢ። እዚያ አንባቢ አያስፈልግም፣ እንፋሎቱ ራሱ ሲያወራ ይውላል።»

የዚያን ቀን እቤት ገብታ ሳህን እያጋጨች ዕቃ ስታጥብ እናቷ ከጓዳ መጡ።

«ማን ነካሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ሳህኑ ምን አደረገሽ?»

ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። የሆነውን ለእናቷ ልትነግር ሞክራ «ሌባ» የምትለዋ ቃል ጋ ስትደርስ አፏ እምቢ አላት። በሕይወቷ የሰው መርፌ ወስዳ አታውቅም።

ካውያ ክፍል እንፋሎቱ «ሽሽሽ» ሲል ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንኳ በጥቅሻ ነው የሚግባቡት። ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ እየደፈጠጠች በልቧ ትናገራለች። ለአቶ ስንት ብዙ ቃል አላባከነችም፤ እሱ ገና ትናንት የመጣ ሰው ነው፣ አያውቃትም። ንዴቷ የሚንተከተከው ለእነዚያ ነው። ለቀጭኗ፣ ልጇ ታሞ በሰነበተበት ጊዜ ያንኑ አንድ ግጥም ደጋግማ አንብባላታለች። እታለም የምትወደው ስንኝ ሲደርስ ቆም ብላ ትጠብቃታለች። ያ ሁሉ ዓመት ሰምተው ሰምተው፣ አንድ ቃል ከአፋቸው ሲፈለግ አልነበራቸውም።

ከቀናት በኋላ እታለምና ቀጭኗ ምሳ ሰዓት ላይ መጡ።

«ሬዲዮ፣ ጣቢያ ቀየርሽ አይደል?» አለች እታለም፣ እየሳቀች።

ሬዲዮ አልሳቀችም። ካውያውን አቆመችው።

«ነይ ከእኛ ጋር ብዪ» አለች ቀጭኗ። «ከበላን በኋላ አንዲት ግጥም እንኳ ታነቢልናለሽ። በራሳችን ሰዓት ማን ይናገረናል?»

«ሌባ ያነበበችው ይጥማችኋል?»

«እኛ ሌባ አላልንሽም።»

«አይደለችምም አላላችሁም።»

እታለም ሳቋን ዋጠችው። «ስሚኝ ልጄ። እኛ ሰፋንላት ብንል፣ ለሰው የምትሰፉበት ጊዜ ከተረፋችሁ እንካችሁ ብሎ ይቆልልብናል። ፈራን። አፋችንን በገዛ ክራችን ሰፋነው፤ ምን ልበልሽ?»

«ሥራ እንዳይበዛባችሁ ብላችሁ እኔን ሸጣችሁኛል።» ድምጿ ይህን ጊዜ አልጠፋም። «ቅርጫቱን ማን እንደሞላው ለእሱ ንገሩት። ያኔ ስለ ግጥም እናወራለን።»

«ምነው፣ ባትሪ ቀየርሽ እንዴ?» አለች እታለም፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ቀጭኗን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት ማንም ብቅ አላለም። ሬዲዮም መንገድ ላይ ስታገኛቸው በሩቁ ታልፋቸው ጀመር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ግን እንፋሎቱ ለአፍታ ፋታ ሲሰጥ፣ ከኮሪደሩ ማዶ የሰው ድምፅ ሰማች። ሰው እያነበበ ነው። ያውም አበላሽቶ። «ወንዙ አልጠበበም እኛ...» ይልና ይቆማል፤ ትንፋሽ ይስብና «ነን ከዳሩ...» ይላል፤ ደግሞ ይቆማል።

ካውያውን ነቅላ ወጣች።

የእጅ ሥራ ክፍሉ በር ክፍት ነው። እታለም መጽሐፉን ክንዷ እስከቻለ አርቃ ይዛ ቆማለች፤ መነጽር አትወድም። ሌሎቹ ጠርዝ ይዘመዝማሉ። አቶ ስንት መሐል ላይ የእታለምን ቅርጫት ይዟል፤ ቅርጫቱ እስከ አፉ ሞልቷል።

«ማን ሰፋው ነው የምላችሁ!»

«ሰማያዊው የኔ ነው» አለች ቀጭኗ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

«ከሥሩ ያሉት ደግሞ የኔ» አለች ሌላዋ።

«የሬዲዮንም ስንሞላ የኖርነው እኛው ነን» አለች እታለም። «ወደን ነው። ልጅቷ የማንንም አልወሰደችም። ያን ቀን ነበር መናገር የነበረብን።»

«እንግዲያው ሁላችሁም ትርፍ ጊዜ አላችሁ» አለ አቶ ስንት። «ከነገ ጀምሮ እጨምርላችኋለሁ።»

የፈሩት መጣ። ማንም ግን አልተከራከረም። እታለም ወደ መጽሐፉ ተመልሳ፣ «ነን ከዳሩ...» ብላ ከቆመችበት ቀጠለች።

ሬዲዮ ገብታ መጽሐፉን ከእጇ ወሰደች።

«እታለም፣ እዚያ ጋ አይቆረጥም።»

«እኔማ ምኑን አውቄው። አንቺ ስታነቢው እንዲህ አይጎረብጥም ነበር።»

«አንቺ ካውያ ላይ አይደለሽም እንዴ?» አለ አቶ ስንት።

ሬዲዮ ዞረች። ለግጥም ብቻ ታወጣው የነበረው ድምፅ ያለ መጽሐፍ ሲወጣ እሷኑ አስደነገጣት።

«ሌባ ብለውኛል። በእነሱ ፊት ነው ያሉኝ። አሁን ማን እንደሰፋው በጆሮዎ ሰምተዋል፤ በእነሱው ፊት ቃልዎን ያንሱልኝ። እስከዚያ እዚሁ ነኝ።»

«ይሄ ድርጅት...»

«ይቅርታ፣ ግጥሙን ልጨርስ።»

ከመጀመሪያው ጀመረችው። «ወንዙ አልጠበበም። እኛ ነን ከዳሩ የራቅነው።» ረጅሙ ክር በሴቶቹ እጅ ላይ ተሳበ። አቶ ስንት ቅርጫቱን እንደያዘ፣ ስታበቃ ለመናገር ቆሞ ጠበቀ። የዘመኑ ግጥም ግን የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ አያስታውቅም። ዝም ስትል ያለቀ መስሎት ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ገና አላለቀም ነበር።