የቢጫው ደም

«ታማሚው እርስዎ ነዎት?» አሉ የደም ልገሳ መምሪያው ኃላፊ፣ እኔን ከእግር እስከ ራስ እያዩ።

«እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ክሳት ተፈጥሮዬ ነው» አልኩ። «ታማሚ የሚባለው ይኼ ነው።»

ከጎኔ ወንበሩን ሞልቶ የተቀመጠውን አናጢ አዩት። ቁም ሣጥን ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ነው። በልጅነቱ የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ስለነበር ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ቢጫው» ይለዋል። በሽታው ቶሎ ለቀቀው፤ ስሙ አልለቀቀውም። መመሪያውም እንደ ሰፈሩ ነው፦ የወፍ በሽታ ይዞት የሚያውቅ ሰው ዕድሜ ልኩን ደም አይለግስም።

ሴት ልጁ ከሰዓት በኋላ በኦፕራሲዮን ልትወልድ ነው። በመጀመሪያው ወሊድ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ደሟ እንደ አባቷ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ እንደ ልብ አይገኝም። ሆስፒታሉ ፍሪጅ ውስጥ የቀረው ሁለት ከረጢት ብቻ ሲሆን ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል።

ይዛን የመጣችው የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። መመሪያው ይሻሻል እያለች እዚህ ቢሮ ስትመላለስ ዘበኛው እንኳ መታወቂያ መጠየቅ ትቷል። ከሆስፒታሉ ቢደወል ብላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቢጫው ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም።

«በልጅነት የሚይዘው አብዛኛው የወፍ በሽታ ደም ውስጥ የማይቀር ዓይነት ነው» አለች። «የእሳቸውን መርምረነዋል፣ ንጹሕ ነው። መመሪያው ሲወጣ መመርመሪያ አልነበረንም፤ ዛሬ እያንዳንዱን ከረጢት እንመረምራለን። ምርመራው ይፍረድ ነው የምለው።»

«እህቴ፣ ማሽንም ይሳሳታል።»

«እኔን ገና ሲያዩኝ ታማሚ አላሉኝም?» አልኩ። «ዓይንም ያው ነው ለማለት ያህል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቢጫው በሳቅ ጠረጴዛውን ይነቀንቀው ነበር። ዛሬ ከንፈሩም አልተላቀቀ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ አንዱ ክንፉ የሆነ ነገር እየነካ ይፍቃል። ስልኩ ነዘረ። የማስታወቂያ መልእክት ነበር። ቢጫው የወንበሩን እጀታ ለቀቀው፤ መልሶ ጨበጠው።

«ጌታዬ፣ ደሜን ለሌላ ሰው አይስጡት» አለ። «ለልጄ ብቻ።»

«መመሪያ ለሁሉም እኩል ነው ወንድሜ። ሐሳባችሁ ለኮሚቴው ይቀርባል፤ በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል። እስከዚያ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ አንድም አደገኛ ደም እንዳይኖር።»

ስልኩ እንደገና ነዘረ። ይኼኛው አላቆመም። አነሳችው።

«እሺ» አለች። «ሁለቱንም?» ትንሽ አዳመጠች። «እሷስ?»

ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ወደ ቢጫው አልዞረችም።

«ምን አሉ?» አሉ ኃላፊው።

«መኪና የገጨው ሰው መጥቶ ሁለቱንም ከረጢት ወሰደ። ልጃቸው ደም መፍሰስ ጀምሯት ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተዋታል።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። «የእርስዎ ፍላጎት ግን ተሟልቷል፤ ፍሪጁ ውስጥ አንድም አደገኛ ደም የለም።»