አንቺ ካልሞትሽ

…ብርዱስ አይደለም፣ ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ ለብርድ ባና አለ፣ እሳት አለ፣ ብርዱ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን አንስቼ ደብረ ብርሃን ወጥቼ አውቶቡስ እይዝ ነበር፣ ሌላ ነው እንጂ፣ ምን ሌላ፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ቅዳሴ አልቆ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ቆሞ እየጠበቀ፣ መምሬ ገብረአማኑኤል የሙታኑን መዝገብ ሊያመጡ ዕቃ ቤት ገብተው፣ እኔ ስለ ብርድ አስባለሁ። ጉሙ ከቆላው እየወጣ ነው። የሴቶቹ ነጠላና ጉሙ አይለይም፣ ፊት ብቻ ነው የሚታየኝ፣ እዚህም እዚያም ፊት፣ ሁሉም ወደ እኔ።

ሲመለሱ ይጠይቁኛል። ትናንት ነግረውኛል፣ ነገ በሕዝብ ፊት ማን እንደሆንሽ ትናገሪያለሽ፣ ስምሽ ከሙታን ጋር ተጽፎ ሃያ ሰባት ዓመት ጸልየንበታል፣ ቤተ ክርስቲያን በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አታደርግም፣ ወይ ልፋቀው ወይ ልተወው አሉኝ፣ ረጋ ብለው፣ ስለ አጥር ወሰን እንደሚያወሩ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ከጎኔ እትዬ አልታየች ተቀምጠዋል፣ ያከራዩኝ ሴትዮ፣ የድሮ ጎረቤታችን፣ ትከሻቸው ትከሻዬን ነክቶታል።

ሙከራ ነበር እኮ። ሃያ ስድስት ዓመት ዓደን፣ ሆስፒታል፣ የልብስ እጥበት ክፍል፣ እንፋሎት፣ የሰው ደም ያለበት አንሶላ፣ ላብ በላብ፣ ከዚያ አለቃዬ እንግሊዟ ሴትዮ ጠርታኝ ከፈለግሽ ጊዜው ሳይደርስ ዘንድሮ ጡረታ መውጣት ትችያለሽ፣ ሦስት ወር አስቢበትና በጽሑፍ አሳውቂኝ አለችኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ አልቋል ግን እድሜዬ አላለቀም፣ የት ላሳልፈው፣ አገሬ። የትኛው አገርሽ አሉኝ እዚያ ያሉት ያገሬ ሴቶች፣ እንደ እንግዳ ሄደሽ ሁለት ሳምንት ጠጅ ጠጥተሽ አትወስኚ፣ ገብተሽ ኑሪው፣ ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ፣ ታመሚ፣ ይሰልችሽ፣ ከዚያ ወስኚ። እውነታቸውን ነው። አርባ ቀን አልኩ። ለምን አርባ እንዳልኩ እንጃ። አርባ የተዝካር ቀን መሆኑ ትዝ ያለኝ እዚህ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ለኔ ውጭ አገር ይሄ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ የወጣሁበት። ገበያ ላይ ስንት ነው ልል ስል ዓረብኛው ይቀድመኛል፣ ሴቶቹ ይተያያሉ። እናትና አባቴ ማለፋቸውን ዓደን ሆኜ ከነጋዴ ሰምቻለሁ፣ ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፣ ቤታችን የነበረበት ሳማ በቅሎበታል። የመጣሁ ቀን ከበቅሎ ወርጄ መንገድ ላይ ለቆሙት ሰዎች የገብረአብ ልጅ ነኝ፣ እናናየሁ፣ የሚከራይ ቤት አለ ወይ አልኩ። አንድ ሽማግሌ፣ አቶ ገብረ ጻድቅ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያኔ አክብሮት መሰለኝ። ከመሀል እትዬ አልታየች ወጡ፣ ሻንጣዬን ከእጄ ወሰዱ፣ ቤት አለኝ አሉ፣ ሌላ ቃል የለም።

ከዚያ ኑሮ። ውኃ ቀዳሁ፣ እጄ ተሰነጠቀ፣ ቅቤ ቀባሁት፣ ገብስ ቆላሁ፣ አመመኝ፣ ዳንኩ፣ ሰለቸኝ፣ ሁሉም እንደታዘዘው። ግን ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ተራ ይለቁልኛል። ለእንግዳ ነው አልኩ። ቀድቼ ስሄድ ዞር ብዬ ሳይ እንስራቸውን አያስጠጉም፣ ውኃው ትንሽ እንዲፈስ ይጠብቃሉ፣ እኔ የነካሁት እስኪያልፍ። ቆሎ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፣ አይቆረጥሙትም። የጎረቤት ውሻ በሰው ሁሉ ይጮኻል፣ እኔን ሲያይ ይተኛል። የሚጠይቁኝ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሁሉም፣ ትልቁም ትንሹም፣ በረደሽ ወይ። ከየት መጣሽ የለ፣ አገባሽ ወለድሽ የለ፣ ያገሬ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ያድራል እንዴ፣ በረደሽ ወይ ብቻ። በርዶኛል እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደሚያውቁ።

ከገደሉ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ይንጫጫሉ፣ ጉም ሲሆን አይታዩም፣ ድምፃቸው ግን የሰው ድምፅ ይመስላል፣ ሴቶች ተሰብስበው አንድ ነገር እየተማከሩ፣ ቃሉ ሊሰማ ትንሽ የቀረው። አሁንም ይሰማኛል። መምሬ ቆዩ። ምነው ቆዩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እትዬ አልታየችን ፍለጋ እዚህ ግቢ መጣሁ፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ አንድ የድንጋይ ክምር ዙሪያውን ይጠርጋሉ፣ በቅጠል፣ ጎንበስ ብለው፣ የራሳቸው ደጃፍ እንኳ እንዲህ አልተጠረገም። ማን ነው የተቀበረው፣ ዘመድዎ ነው ወይ አልኩ። ቀና አላሉም። አንቺ ነሽ አሉኝ።

አንቺ ነሽ። መጥረጉን ቀጠሉ።

እየጠረጉ ነገሩኝ። ጠላት በገባ በዓመቱ ወታደሮቹ መጥተው መንደሩን ያቃጠሉ ቀን፣ ሰው ከየማሳው ከየጫካው ሲመለስ፣ ገብረአብ ቤት ውስጥ የተቃጠለች ልጅ አገኙ፣ ቁመቷ የእናናየሁ፣ ቤቱ የእናናየሁ፣ እናትሽ ደረቷን ደቃች፣ ቀበርንሽ፣ ተዝካርሽ ወጣ። የኔዋ ለተጊዮርጊስም በዚያው ቀን ጠፋች፣ አልተገኘችም፣ ቆላ ወርዳለች፣ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ሄዳለች ብዬ እኔ አላለቀስኩም፣ ሲያለቅሱ ቆሜ አየሁ፣ ልጄ አለች፣ ላለ ሰው አይለቀስም አልኩ። ይኸው አላለቀስኩም እስከ ዛሬ።

እኔ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ከእሳቸው ቀድሜ፣ ከሁሉ ቀድሜ። ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ ያስቀመጥኳት እኔ ነኛ።

ሰላ ድንጋይ ላለ ሰው ሊድሩኝ ነበር፣ በስም እንኳ የማላውቀው፣ አልፈልግም ማለት አይቻል፣ አሊዩ አምባ የሲራራ ነጋዴዎች ወደ ባሕር ሊነሱ ነው ሲባል ሰማሁ፣ ለተጊዮርጊስን ጠራኋት፣ እኩያዬ፣ ጓደኛዬ፣ እቤታችን ቁጭ በይልኝ አልኳት፣ እሳቱን አታጥፊው፣ እናቴ ከማሳ ሆና ጭሱን ስታይ አለች ትበል፣ ለማታ እመለሳለሁ። ለማታ እመለሳለሁ ያልኩት ውሸቴን ነው። እሺ አለች። ጎረቤት ናት፣ ልጅ ናት፣ እሺ አለች፣ ሌላ ምን ትበል። ቆላ ወርጄ አሊዩ አምባ ስደርስ ዞሬ ወደ ላይ አየሁ፣ ከተራራው ጫፍ ጭስ፣ ወፍራም፣ ጥቁር፣ እና ሳቅኩ። ሳቅኩ እኮ። ኧረ ይቺ ልጅ፣ አበዛችው አልኩ።

በማግስቱ መንገድ ላይ አንኮበር አካባቢ መንደር ተቃጠለ ሲሉ ሰማሁ። ሰዉ ሸሽቷል አሉ። ለተጊዮርጊስም ሸሽታለች አልኩ፣ ሯጭ ናት፣ ማን ይደርስባታል አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሯጭ ናት እያልኩ አንሶላ አጠብኩ። አንድም ቀን ስለ እሷ ማንንም አልጠየቅኩም። ነጋዴው የእናቴን ሞት ሲነግረኝ እንኳ እሷስ አላልኩም። ያልጠየቀ አያውቅም፣ ኻላስ፣ አለቀ።

ደግሞ የሚገርመው ኑሮው ተስማማኝ። ይሄን ለማን እነግራለሁ። ከሃያኛው ቀን ወዲህ ጠዋት ስነሳ ወገቤን አያመኝም፣ ገብሱ ሆዴ ላይ ይቀመጣል፣ ፀሐይ ከበረሃው በኩል ስትወጣ ደጅ ቆሜ አያለሁ፣ ዓደን ፀሐይ አይታይም፣ ፀሐይ ይሸሻል እንጂ። በሠላሳኛው ቀን አሊዩ አምባ ገበያ ወረድኩ፣ በእግሬ፣ አንዲት ቡና ሻጭ እስላም ሴት በዓረብኛዬ ሳቀች፣ ዓደን ነበርሽ አላህ ይስጥሽ ባሕሩን አይተሻል አለችኝ፣ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ አንኮበር ከገባሽ የኔ ደምበኛ አንቺ ነሽ፣ በየሳምንቱ ነይ እህቴ አለች። መሞቴን አታውቅም። ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፣ ተጎነጨሁ፣ ተነጫነጭኩ፣ እንደ ሰው። እዚያ ታች በሕይወት አለሁ። ከዚያ ስመለስ፣ ዳገቱን እየወጣሁ፣ ጉሙ በግማሽ መንገድ ተቀበለኝ፣ እግሬ ጠፋኝ፣ ቀጥሎ እጄ፣ ከላይ የሚወርድ አንድ ገበሬ አገኘኝና ቆመ፣ በረደሽ ወይ አለኝ።

ከሦስት ቀን በፊት ነው እትዬ አልታየች የጠየቁኝ። ምሳ በልተን፣ ጠጉሬን እየሠሩኝ፣ ጉልበታቸው መካከል ተቀምጬ። አንገቴ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣታቸው ነኩት፣ ሕፃን ሆኜ ከአጥር የወደቅኩበትን፣ ያኔ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። ናት እያሉ ነው፣ በጣታቸው፣ ናት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ልጄ፣ አንቺ ካልሞትሽ የሞተችው ማን ናት አሉ።

ጠጉሬን ይዘው ጠበቁ። አልጎተቱኝም፣ አልለቀቁኝም። ሲቆይ አላውቅም አልኩ። አዎ ከየት ታውቂያለሽ አሉ፣ ሠርተው ጨረሱ።

እውነቱን ብናገርስ። እናናየሁ ነኝ ብል። ስሜ ይፋቃል፣ ቀስ በቀስ ይለምዱኛል፣ ሴቶቹም ከኔ ኋላ ይቀዳሉ፣ ለዓደን ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ቤቱን እገዛለሁ፣ እዚህ አረጃለሁ። በተፋቀው ቦታ ላይ ግን ሌላ ስም ይጻፋል። እትዬ አልታየች ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ በየቀኑ ደጃቸው ቆመው የቆላውን መንገድ ያያሉ፣ አይቻቸዋለሁ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ እኔ ይህን መንገድ ልዝጋባቸው? እኔ? ደግሞ ተይ አትዋሺ፣ ለእሳቸው ብቻ አዝነሽ ነው? የለተጊዮርጊስ ስም ከተጻፈ፣ ገብረአብ ቤት ምን ትሠራ ነበር ይባላል፣ እሳቱን ማን ጠብቂ አላት ይባላል። ርኅራኄ ነው ፍርሃት? ሁለቱም አንድ ፊት አላቸው፣ ጉም ውስጥ ማን ይለያቸዋል።

መጡ። መዝገቡን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ መምሬ። ሰው መንገድ ለቀቀ። ጭላዳዎቹ ዝም አሉ ወይስ እኔ መስማት ተውኩ።

ተነሽ ልጄ አሉኝ፣ ተነሳሁ። ትከሻዬ በረደው፣ እትዬ አልታየች የነኩት በኩል። አያዩኝም፣ መሬት ነው የሚያዩት። መምሬ መዝገቡን ገለጡ፣ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አኖሩ። በእግዚአብሔር ፊት፣ በዚህ ሕዝብ ፊት፣ አንቺ የገብረአብ ልጅ እናናየሁ ነሽ?

አዎ። አዎ በምላሴ ጫፍ አለ፣ ሁለት ፊደል ነው፣ ቤት ነው፣ ጠዋት የምትወጣ ፀሐይ ነው፣ እርጅና ነው። እና የእትዬ አልታየች እጅ፣ የእኔን አይደለም፣ የራሳቸውን ጉልበት ይዟል፣ አጥንቱ ነጭ እስኪሆን።

አይደለሁም፣ መምሬ።

የማን ድምፅ ነው። የኔ ነው። አይደለሁም፣ ስሟን ዓደን ከአገሩ ነጋዴ ሰምቼ ነው፣ ቤት እንዳላጣ ብዬ እሷ ነኝ አልኩ፣ ይቅር በሉኝ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ።

መምሬ አዩኝ። ብዙ አዩኝ። የክርስትና ስሜን ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ገና ወጣት ቄስ ሳሉ፣ ያውቃሉ፣ ማወቃቸውን አያለሁ። ሰምተናል አሉ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ።

ሕዝቡም ተነፈሰ። እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። አንዲት ሴት፣ አርባ ቀን ሙሉ ቀና ብላ አይታኝ የማታውቅ፣ መጥታ ክንዴን ያዘች፣ ለካ የሰው አገር ሰው ነሽ፣ ልጆች አሉሽ አለችኝ። አቶ ገብረ ጻድቅ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ በፊቴ አለፉ። ሌላዋ ከመቀነቷ ቆሎ ፈትታ ዘገነችልኝ፣ ራሷም አፏ ከተተች፣ ቆረጠመች፣ ሳቀች። አለሁ። ከመካድ በኋላ አለሁ። እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ቆሎው ትኩስ ነው።

መምሬ ያነባሉ። ኃይለ ገብርኤል፣ ብርሃነ መስቀል፣ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ሕዝቡ ነፍሱን ይማር ይላል፣ ጣታቸው ወረደ፣ ወለተ ሥላሴ አሉ፣ እሱ እኔ ነኝ፣ የክርስትና ስሜ። ነፍሷን ይማር አለ ሕዝቡ፣ ከንፈሬም ተላወሰ፣ እኔም ነፍሷን ይማር አልኩ፣ ሰውነቴ ሁሉ በረደው፣ ለየትኛዋ እንዳልኩ አልጠየቅኩም፣ አፈር ውስጥ ያለችው ታውቃለች።

መምሬ ወደሚቀጥለው ስም አላለፉም፣ ምን እንደሚጠብቁ እንጃ፣ ቆሙ። ከዚያ ከታች፣ እትዬ አልታየች ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ፣ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ያለ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ድምፅ፣ ነፍሷን ይማር አለ።