ዌንደል ከሜዳ አልወጣም አለ

የዌንደል ኮቫሪክ ሥራ መቆም ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ማስገባት ሲፈልግ፣ ዌንደል ቀይ እጅጌውን አጥልቆ ሜዳ ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ክንዱን ደረቱ ላይ ያመሳቅላል፣ ጨዋታውም ቀጥ ይላል። በጆሮ ማዳመጫው «ይውጡ» ሲባል ይወጣል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። እሱ እዚያ ቆሞ ሳለ ዳኛም አሠልጣኝም ጨዋታ ማስጀመር አይችሉም፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር በተፈረመው ውል ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል። አርባ ዓመት ፖስታ ሲያድል የኖረ ሰው ስለሆነ ቁም ሲሉት መቆም፣ ሂድ ሲሉት መሄድ አያቅተውም። በዚያች የኅዳር ቅዳሜ ግን ገብቶ አልወጣም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነብራስካው ዊሎ ክሪክ ኮሌጅ ከወንዙ ማዶ ካለው ከቅድስት ሉድሚላ ኮሌጅ ጋር ዘጠና አራት ዓመት የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫውቷል። በመሃላቸው ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ የለም። ዘንድሮ ግን ኮሌጁ ሁሉ ሊግ ቀየረ ሲባል፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ዊሎ ክሪክም የውቅያኖስ ዳር ሊግ ካልገባሁ ብሎ ተነሣ። ቴሌቪዥኑ የሚወደው ያንን ሊግ ነዋ። ከዊሎ ክሪክ እስከ ባሕር ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ የሊጉ ደንብ ደግሞ አባል ሁሉ ባሕር ዳር ይሁን ይላል። ታዲያ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የድንጋይ ጥናት መምህሩን ጠርተው፣ ይህ የበቆሎ ማሳ ሁሉ ከሰማንያ ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር እንደነበረ የሚመሰክር ደብዳቤ አጻፉ። ሊጉም ደብዳቤውን መርምሮ፣ ባሕሩ ለጊዜው የለም እንጂ ዳርነቱ አይካድም ብሎ ተቀበላቸው። ከከርሞ ጀምሮ የዊሎ ክሪክ «ጥንታዊ ባላንጣ» ማንም አይቶት የማያውቅ አንድ የኒው ጀርሲ ኮሌጅ እንዲሆንም በውሉ ተወሰነ። ሉድሚላ ቀረች። ያ የቅዳሜው ጨዋታ የመጨረሻው ነበር።

ዌንደልን ያንገበገበው ኳሱ አይደለም። ኳስማ ይምጣ ይሂድ። ያንገበገበው ወንድሙ ዱዌይን ነው።

ዱዌይን ታናሹ ነው፣ ሉድሚላ አጠገብ በቆሎ ያርሳል። እናታቸው ካረፈች ጀምሮ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሁለቱ የሚገናኙት በዓመት አንዴ በዚህ ጨዋታ ቀን ብቻ ነው። ተጣልተው እንዳይመስላችሁ። ምክንያት አጥተው ነው። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ያለ ጉዳይ የሰው ደጅ አያንኳኳም፤ «ናፍቀኸኝ ነው» ብሎ የሚደውል ቢገኝ ሐኪም ይጠሩለታል። ጨዋታው ግን ጉዳይ ነው። ከስታዲየሙ ጎን ባለው ሣር ላይ መኪናቸውን ጎን ለጎን ያቆማሉ። ዱዌይን የሥጋና የአደንጓሬ ወጡን በድስት ያመጣል፣ ዌንደል የጋገረውን የቀረፋ ዳቦ ያወጣል፣ እያጠቀሱ ይበላሉ። ስለ ዝናቡ ያወራሉ። አንዱ የሌላውን ቡድን ይሰድባል። ከዚያ «በል እንግዲህ» ተባብለው እስከ ከርሞ ይለያያሉ።

ዘንድሮ በሚያዝያ ዌንደል መኖ ሊገዛ ሄዶ፣ ነጋዴው «ወንድምህ ደረቱን ተከፍቶ ልቡን ተሠራ አይደል፣ እንዴት ሆነ?» አለው። ዌንደል ክው ብሎ ቀረ። ግን አላወቅሁም ማለት አፍሮ «ደህና ነው» ብሎ ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ስንቴ አንሥቶ ስንቴ መለሰው። ኅዳር ይመጣል፣ ያኔ እጠይቀዋለሁ እያለ ራሱን አጽናና። ኅዳር መጣ። ጨዋታው ስድስት ቀን ሲቀረው ግን ቴሌቪዥኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ወደ ጠዋቱ አምስት ሰዓት አዛወረው። የዱዌይን ወጥ ደግሞ በአምስት ሰዓት የሚደርስ ወጥ አይደለም። ዌንደል ዳቦውን ታቅፎ ባዶው ቦታ አጠገብ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ሰዓቱ ደረሰና ሜዳ ገባ። ዱዌይን የመጣው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ በማዶው ሦስተኛ ረድፍ ላይ፣ ከስቶ፣ ኮቱ ሰፍቶት ሲቀመጥ ዌንደል ከሩቅ አየው።

እንግዲህ ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀር የመጨረሻው ማስታወቂያ ገባ። ዌንደልም ገብቶ ክንዱን አመሳቀለ። ከስታዲየሙ ጀርባ በቆመው የቴሌቪዥን መኪና ውስጥ ያለችው ማሪቤት በጆሮው «ጋሼ፣ ይውጡ» አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ጋሼ ዌንደል፣ ይሰማዎታል?» ይሰማዋል። ዳኛው መጥቶ ልመናም ቁጣም ሞከረ፤ ዌንደል ቀና ብሎም አላየው። ክንዴን ካወረድኩ የሚቀረው ሦስት ደቂቃ ነው፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ሉድሚላዎች አውቶብስና መኪናቸው ውስጥ ገብተው ይሄዳሉ፣ እያለ ያስባል። ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ነው ዱዌይንን የሚያየው? አንድ ሰው እየተነሣ ዝም ብሎ ወንድሙ ቤት ይሄዳል እንዴ?

ማሪቤት ማስታወቂያ አለቀባት። የቃር መድኃኒቱን ማስታወቂያ አሥራ አንድ ጊዜ አስተላለፈች። የማርሽ ባንዱ የሚያውቀውን ሁሉ ተጫውቶ ሲጨርስ ወደ ፖልካ ጭፈራ፣ ከፖልካ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ገባ። ተጫዋቾቹ ሣሩ ላይ ጋደም አሉ። በዚህ መሃል የማሪቤት አለቃ ከኒው ዮርክ ደውሎ፣ ቆሞ የቀረውን ሽማግሌ የሚያየው ሰው ጨዋታውን ያይ ከነበረው በሦስት እጥፍ በልጧል፣ እንዳትነኩት አለ። ጉድ እኮ ነው። ማሪቤትም «ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይወጡ» ማለት ጀመረች። የሊጉ ዋና ሹምም ከላይ ከክብር ቦታው ሆነው በዚያችው ዕረፍት ሁለት ኮሌጆች መጨመራቸውን አስታወቁ፤ አንደኛው ተራራ ላይ ነው፣ ግን ጥሩ ሐይቅ አለው ተባለ።

አጠገቡ የተቀመጡት «የማን ቤት ዕብድ ነው?» ሲባባሉ ዱዌይን ሰማ። ተነሣ። አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ፣ ጥበቃዎቹን «ወንድሜ ነው» አላቸው፣ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። 

«ክንድህን አልደከመህም?» አለው ዱዌይን።

«ደክሞኛል።»

«ታዲያ አታወርደውም፣ አንተ ደረቅ?»

«ካወረድኩት ያልቃል።» ዌንደል የሰፋውን ኮት አየ። «ልብህን ተሠራህ አሉ።»

«ማን አለ?»

«መኖ ነጋዴው።»

ዱዌይን ሣሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። «ልነግርህ ነበር። ጨዋታው ሲደርስ እነግረዋለሁ ብዬ ነው።»

«ባትደርስስ?»

 ዌንደል በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዕንባው ወረደ፤ ክንዱ ስለተመሳቀለ መጥረግ አልቻለም፣ ዱዌይን በኮቱ እጅጌ ጠረገለት።

ያን ጊዜ የሊጉ ሹም ወረቀት ይዘው እየሮጡ ደረሱ። ሕዝቡ እያለቀሰ ነው፣ ይህ ነገር በየዓመቱ መኖር አለበት አሉ። ከከርሞ ጀምሮ ወንድማማቾቹ በየኅዳሩ ኒው ጀርሲ ላይ ቆመው ይገናኛሉ፤ አውሮፕላኑም ሆቴሉም በሊጉ ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አለች፦ መገናኘታቸው የቴሌቪዥኑ ንብረት ስለሚሆን በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ አብረው መታየት አይችሉም። ዌንደል ልቡ ዘለለ። የማይቀር ቀጠሮ፣ ያውም በውል! ለእንደሱ ያለ ሰው ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከየት ይመጣል? ብዕሩን ሊቀበል አንድ ክንዱን ፈታ አደረገ።

ዱዌይን ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነበበና ለሹሙ መለሰላቸው።

«ኅዳር ሩቅ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ማክሰኞ ምን አለህ?»

ዌንደል ግራ ገባው። «ማክሰኞ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

ዌንደል ሁለተኛውንም ክንዱን አወረደና ከሜዳ ወጣ። ሦስቱ ደቂቃ አለቀ። ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት የዱዌይን መኪና የዌንደል ደጅ ላይ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ፣ ግን ማንም አልወረደም። ዌንደል በመስኮት እያየ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቀ፤ ወንድሙ መሪውን ይዞ የሚናገረውን ሲፈልግ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ ወርዶ አንኳኳ።

«መንገዴ ላይ ስለሆንክ ነው» አለ ዱዌይን።

«ወዴት ስትሄድ?»

ዱዌይን ቆቡን አወለቀ።

«ወደዚህ» አለ።

ዌንደል ገለል ብሎ አስገባው።