ለዓርብ የተተወች ዘለላ

«ከምንጣፉ ተነሳች! ወዴት ነው ደግሞ?» አለች አንዷ፣ አፏን በሻሿ ከልላ።

የለቅሶ ቤት ዓይን ያለቅሳል እንጂ አይጨፈንም። ዓፊያ የሁሉንም ዓይን ጀርባዋ ላይ ተሸክማ በቀርከሃው አጥር በኩል ወጣች። የሞተችው የቀድሞ ባሏ የረጀብ እናት ዓዲላ ናት፤ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ። የተፈታች ምራት መጥታ መቀመጧ ራሱ ሐሜት ነበር፤ መነሳቷ ደግሞ ለሐሜቱ ቅመም ሆነለት።

ከማንጎው ሥር ጎረቤቷ ቡሴ ትጠብቃታለች። ቡሴ ከወለጋ የመጣች፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች፣ የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብ ሴት ናት።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ የጠወለገ ባሚያ መስሏል።»

«ረጀብ ማሪያምን ይወስደዋል» አለች ዓፊያ። በእሷ አማርኛ ሴት ልጇም ወንድ ናት። «ነገ ሰደቃ ያልቃል፤ ከዚያ በጭነት መኪና ድንበር፣ ኩርሙክ፣ አዲሷ ሚስቱ ጋ። ሲናገር ሰማሁት።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምን ልበል? ፈርሜያለሁ።»

ሲፋቱ ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ የአሶሳው ፍርድ ቤትም ወንበር ያልሞላበት ቤት። ሽማግሌዎች ያስማሙበት ወረቀት በአማርኛ ተጻፈ፤ ዓፊያ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመችበት። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአራት ዓመቷ ማሪያም ከአያቷ ጋር ትኖራለች፣ እሷ ዓርብ ዓርብ መጥታ ታያታለች። ልጄን በጣቴ ሰጠኋት እያለች ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ጣት ጠላችው። ዓዲላንም ጨምራ።

ዓዲላም ለመጠላት የምትመች ነበረች። ሳቅ አታውቅም። ዓርብ የልጅቷን ፀጉር ሠርታ ትጠብቃለች፤ ግን ሁልጊዜ ከጆሮዋ ኋላ አንዲት ዘለላ ሳትሠራ ትተዋለች። «ይኸው፣ ስድብ!» ትላለች ዓፊያ በሆዷ፤ እየተናደደች ትጎነጉናታለች።

ቡሴ እጇን ይዛ ፍርድ ቤት ወሰደቻት። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በቃሉ ፋይሉን አቧራውን እያራገፈ አወጣው። ቡሴ መነጽር ስለሌላት ወረቀቱን ክንዷ እስኪያልቅ አርቃ አነበበች።

«ሕፃኗ፣ ዓዲላ በሕይወት እስካለች ከእሷ ጋር ትኖራለች። ዓዲላ ከሞተች ግን ወደ እናቷ ትመለሳለች፤ አባትየውም በየወሩ ቀለብ ይቆርጣል።»

«ማን... ማን አስጻፈው?»

«አሮጊቷ ናቸዋ» አለ በቃሉ። «ልጃቸው ሕፃኗን ያኔም ኩርሙክ ልውሰድ ብሎ ነበር። 'እኔ ጋ ትቆይ' ብለው መሐል የገቡት እሳቸው ናቸው። ይህች መስመር ካልገባች አላትምም ብለው ሽማግሌዎቹን እስከ ዙሁር ሶላት አስቀመጧቸው። አልረሳውም፣ ምሳዬን ነው ያሳለፉብኝ።»

ዓፊያ ባንኮኒውን ያዘች። «ዓዲላ ለምን አልነገረኝም?»

«በቋንቋሽ የተነበበልሽ መስሏቸው ነዋ» አለ በቃሉ። «አንቺም እንደገባት ሰው ጭንቅላትሽን ነቀነቅሽ።»

ቡሴ ልጅ የማሳደግ መብቱና ቀለቡ እንዲፈጸም የሚጠይቀውን ማመልከቻ እዚያው ጻፈች። ከሰዓት በኋላ ዳኛው፣ ጉዳዩ እስኪታይ ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትሆንና ከአሶሳ እንዳትወጣ አዘዙ።

በቃሉ ትእዛዙን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ግን ሰደቃ ሳያልቅ ለሐዘንተኛ ወረቀት አልሰጥም።»

«መኪናው ሰደቃው እንዳለቀ ይነሳል እኮ!»

«እንግዲያው እኔም ሰደቃው ላይ እቀመጣለሁ።»

በማግስቱም ተቀመጠ። ሥጋውን አሳልፎ ከርከዴ ብቻ እየጠጣ፣ ከአዛውንቶቹ ጎን እግሩን አጥፎ። «ይሄ ክርስቲያን ዓዲላን ምን ያህል ቢወዳት ነው!» አሉ ሴቶቹ። ውጭ መኪናው ጥሩንባውን ነፋ። ረጀብ በአንድ እጁ ቋጠሮ፣ በሌላው ማሪያምን ይዞ ቆመ። ዱዓው ረዘመ። ዓፊያ ምንጣፉን እንጂ ሰውን አላየችም።

ምንጣፉ ተጠቀለለ። በቃሉ ተነሳ።

«ረጀብ ወንድሜ፣ አላህ ያጽናህ» ብሎ ትእዛዙን ዘረጋለት።

«በእናቴ ለቅሶ ላይ?»

«የእናትህ ቃል ነው። ይነበብልህ።» የድሮውንም ወረቀት አወጣ፤ ቡሴ አነበበች። ከአዛውንቶቹ አንዱ አሁን ግን እያንዳንዷን ቃል ወደ ቤርታ ቋንቋ መለሷት።

ረጀብ ከወረቀቱ ግርጌ ወዳለው ሰማያዊ አሻራ ጎንበስ አለ። «ይሄ የእናቴ ጣት ነው?»

«የእሳቸው ነው።»

ቋጠሮውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ የማሪያምን እጅ ለቀቀ። «ቀለቡ ግን...»

«ሰኞ ቀጠሮ አለህ። እዚያ ትናገራለህ።»

መኪናው ረጀብን ሳይዝ ሄደ።

ዓፊያ ማሪያምን ከማንጎው ሥር ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ፣ በለቅሶው ቀናት የተንጨባረረ ፀጉሯን ቅባት አስነካችው።

«አያትሽ አንዷን ለምን ነበር የምትተዋት?» አለቻት በቋንቋቸው።

«'ይቺ የእናትሽ ናት፤ ማንም እንዳይነካት' ትለኝ ነበር።»

የዓፊያ ጣቶች ቆሙ። ቆይተው እንደገና ጀመሩ፤ ራሷን ሙሉ፣ በቀጭን በቀጭኑ ጎነጎኑት። በመጨረሻ ከጆሮዋ ኋላ ያለችው ዘለላ ብቻ ቀረች። ዓፊያ በአውራ ጣቷ ቅባት ቀባቻት፣ በቀስታ አስተካከለቻት፤ ሳትጎነጉናትም ለአያትየዋ ተወቻት።