የቤታችን ሴቶች እንዲህ ነን

እማማ ኦዜላ በሕልማቸው ዓሣ ካዩ አንዲት ሴት አርግዛለች ማለት ነው። በአላባማዋ ትንሽ ከተማ ይህን የማያውቅ ጥቁር የለም፤ የሚጠራጠር ካለም አፉን ይዞ ይቀመጣል። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ስልካቸውን አንስተው፣ ሲርመሰመስብኝ ያደረው ዓሣ የማናችሁ ነው እያሉ በየቤቱ ሲደውሉ፣ የዘመድ አዝማዱ ዓይን ሁሉ ካትሪስ ሆድ ላይ አረፈ።

ሆዷ ደግሞ እውነትም ገፍቷል። ካትሪስ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፤ ከባሏ ከቴረል ጋር ልጅ ሲለምኑ ኖረዋል። ደሟ ግን ቀርቶ አያውቅም። እንዲያውም እየባሰበት ሄዶ የምትነዳው ወንበሩ ላይ ፎጣ አንጥፋ ነው። በልጅነቷ የወር አበባ ስትጀምር አንሶላው ተበላሽቶ ደንግጣ ብታለቅስ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት አክስቷ እማማ ኦዜላ፣ አይዞሽ፣ የቤታችን ሴቶች እንዲህ ነን ብለዋት ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሬ ብላው አታውቅም። ካቻምና አንድ ሐኪም ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት፣ ማህፀንሽ ውስጥ ዕጢ አለ፣ በጥቁር ሴቶች ላይ የተለመደ ነው፣ ክብደት ቀንሺና ተመለሺ አላት። የተለመደ ከሆነ ምን ልትሆን ትመለሳለች? ቀረች።

ደም እያዩ ማርገዝ እንዴት ይሆናል ብላ ራሷን ሳትጠይቅ አልቀረችም። ግን ተስፋ ብልሁንም ያሞኛል፤ የእማማ ኦዜላ ሕልም ደግሞ ሳይሠምር ቀርቶ አያውቅም። ቴረል ከመድኃኒት ቤት መመርመሪያ ግዢ ሲላት እሺ አለችውና ሳትገዛ ቀረች። አንድ እሑድ እንኳን እናት ሆና መዋል አማራት።

ማግስቱ የወሩ መጀመሪያ እሑድ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን የሚያስተናግዱት ሴቶች እንደ ደንቡ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰዋል፤ ካትሪስም እንዲሁ። የመጣው ሁሉ ሆዷን ይዳብሳል። አንዷ ባልቴት ቴረልን፣ "አንተ፣ ለካ ሥራም ታውቃለህ" ብላ ሰዉን አሳቀችበት። መዝሙሩ ሲሞቅ ካትሪስ በር ላይ ቆማ ሙቅ ነገር በእግሮቿ ሲወርድ ተሰማት። ጎንበስ ብላ ለማየት ፈራች። ሴቶቹ ግን አይተው ኖሮ ወንድ እንዳያያት ዙሪያዋን ከበው ቆሙ። የመዘምራን ካባ ጠቅልለውባት ሲያወጧት፣ ፅንሱ ነው፣ ወይኔ ፅንሱ እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ሆስፒታል የደረሳት ሐኪም ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ፅንስ የለም፣ አልነበረምም፤ ሆድዎን የገፋው ዕጢው ነው አላት። ካትሪስ ያላየችው ልጅ ሞተባት፤ ሐዘኑን ለማን እንደምትነግር አላወቀችም። ቀጥሎ ማህፀኗ መውጣት እንዳለበት ነገራት።

"ዕጢውን ብቻ አውጡና ማህፀኔን ተዉልኝ" አለችው።

"ቀደም ብሎ ቢሆን ይቻል ነበር። አሁን ደሙ አልቆም ብሎናል፤ ከዘገየን እርስዎን እናጣለን።"

ከዘመድ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት እንዳለ ጠየቃት። ካትሪስ የለም ልትል ስትል፣ ጥግ ላይ ባርኔጣቸውን ታቅፈው የተቀመጡት እማማ ኦዜላ "አለ" አሉ።

"እኔን በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው ያወጡልኝ። እናትሽንም፣ አንቺን በወለደች በአራት ዓመቷ።"

"ያኔ ዲትሮይት ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች አላላችሁኝም?"

"ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የሴት ነገር ይወራል እንዴ፣ ልጄ? ለእኛስ ማን ነገረን?"

"አብረሽኝ ተንበርክከሽ ልጅ ስትለምኚ አልነበር፣ እማማ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺን ያልፍሻል ብዬ።"

ካትሪስ መቆጣት ፈለገች፤ ግን ማንን ትቆጣ? ፊቷ ያለችው በሠላሳ አራት ዓመቷ ብቻዋን አልቅሳ፣ ዓይኗን ጠርጋ እሑድ ነጭ የለበሰች ሴት ናት። ቴረል ግንባሯን ስሞ፣ እኔ የምፈልገው አንቺን ነው፣ እሺ በያቸው አላት። ወደደችውም፣ ጠላችውም። ከዚያ ለሐኪሙ እሺ አለችው።

አልጋው ሲገፋ እማማ ኦዜላ እጇን ይዘው ተከተሉ። የቀዶ ሕክምናው በር ላይ ነርሷ፣ እናቴ፣ ከዚህ ማለፍ አይቻልም አለቻቸው። እሳቸው ለቀቁ። ካትሪስ ግን እጃቸውን አልለቅ አለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ነርሷ ናት።